አፈሩን ማን መረመረው?

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የሳሎኑ በር አልዘጋ አለን» አለችኝ። ለማይዘጋ በር አናጢ ይጠራል እንጂ ሕግ የተማረ ወንድም አይጠራም። ቢሆንም የድምጿ ነገር ስላላማረኝ ሄድኩ። ያሳየችኝ በሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር። ከበሩ መቃን ጥግ ተነስቶ ሰያፍ እየሄደ ጣሪያው ድረስ የሚዘልቅ ስንጥቅ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያስገባል። ውጭ ደግሞ የአጥሩ ግንብ ለሁለት ተከፍሏል፤ የግቢው ሊሾ ዳር ዳሩን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በከተማችን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከተሠራ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

የሥራ ተቋራጩ በስልክ ተጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፤ «የአፈር ጥናቱን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ በተሰጠኝ ፕላን ሠራሁ። አፈሩን እኔ አልፈጠርኩትም።»

ዕድሜዬን ከውልና ከሰነድ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አስቀድሜ የጠየቅሁት የአፈር ጥናቱን ነው። እህቴ ከቁም ሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ የተጠረዘ ወፍራም ሰነድ አወጣች። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው። በሠንጠረዡ ውስጥ «ኤን = 34» የሚል ቁጥር ይታያል። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስዘልቅ ግን ጉድጓዱ የተቆፈረበት አድራሻ ሌላ ወረዳ፣ የቦታው ባለቤትም ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። የእህቴ የሆነው ሽፋኑ ብቻ ነው። ባለቤቷ አንገቱን ደፍቶ አስረዳኝ። ለግንባታ ፈቃዱ የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል ሲባል ጉዳያቸውን የያዘላቸው ሰው «ምን ታስቆፍራላችሁ? አፈሩ እንደሆነ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ በጥቂት ብር ያመጣላቸው ሰነድ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ 34 የሚባል ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን የማውቃቸውን መሐንዲሶች አስቸገርኩ፣ አንድ የቁፋሮ ቦታ ላይም ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ። የተረዳሁትን ለአንባብያን ላካፍል የፈለግሁት በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን የምናፈሰው ሲሚንቶና ብረት ላይ ነው። ያን ሁሉ የሚሸከመውን አፈር ግን እንደ አንድ የፈቃድ ማሟያ ወረቀት ብቻ እናየዋለን።

ለመሆኑ «ኤን» ምንድን ነው?

መሐንዲሶች «ስታንዳርድ ፔኔትሬሽን ቴስት»፣ በአጭሩ «ኤስፒቲ» የሚሉት ምርመራ ሲያዩት በጣም ቀላል ነው። የመሰርሰሪያ ማሽን ከጭብጥ ብዙም የማይሰፋ ጉድጓድ ይቆፍራል። የተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲደረስ መሰርሰሪያው ይወጣና በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመ የብረት ቱቦ ይወርዳል። የቱቦው የውጭ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከላይ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ፣ ከግማሽ ኩንታል የሚበልጥ ማለት ነው፣ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ዘንጉን ይመታል። አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቆጥራል። ቱቦው የመጀመሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ምት? ሁለተኛውን 15? ሦስተኛውንስ?

የመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ውጤት ይመዘገባል እንጂ አይደመርም። ምክንያቱም የጉድጓዱ ወለል በቁፋሮው የተናወጠ አፈር ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ድምር ነው «ኤን» የሚባለው። ደብተሩ ላይ 5፣ 8፣ 11 ተብሎ ቢጻፍ ኤን 19 ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሥራ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ይደጋገማል። በአንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 50 ጊዜ ተመትቶ ቱቦው ካልገባ «እምቢ አለ» ተብሎ ይቆማል፤ በመሐንዲሶቹ ቋንቋ «ሪፊዩዛል» ነው።

ቁጥሩ ምን ይናገራል? አሸዋማ አፈር ላይ ኤን ከ4 በታች ከሆነ አፈሩ እጅግ የላላ ነው። ከ10 እስከ 30 ሲሆን መካከለኛ፣ ከ50 ሲያልፍ እጅግ የታመቀ ይባላል። ሸክላማ አፈር ላይ ደግሞ ከ2 በታች በጣት የሚወጋ ጭቃ፣ ከ8 እስከ 15 ጠንከር ያለ፣ ከ30 በላይ ደረቅ ጡብ የመሰለ ነው። ቱቦው ሲወጣ እንደ ባቄላ እሸት ለሁለት ይፈለቀቃል። ውስጡ የያዘው አፈር ታይቶ፣ ተሰይሞ፣ በላስቲክ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ጥንካሬውንም ይለካል፣ ናሙናውንም ያወጣል።

ዘዴው የመቶ ዓመት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቻርልስ ጎው የተባለ የቦስተን ከተማ የመሠረት ሥራ ተቋራጭ አንድ ነገር አስቸገረው። በዚያን ጊዜ ጉድጓድ የሚቆፈረው በውኃ ግፊት ስለነበር የሚወጣው የተበጠበጠ ጭቃ ነበር፤ ከታች ያለው አፈር ምን እንደሚመስል አይታወቅም። ጎው አንድ ቀጭን ቱቦ በመዶሻ እየመታ አስገብቶ ደረቅ ናሙና ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1927 ለሁለት የሚከፈለው ቱቦ መጣ። የአፈር መካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1947 ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። በማግስቱ ዓመት ከራልፍ ፔክ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የምቱን ቁጥር ከመሠረት አቅም ጋር አያይዞ ለዓለም አስተዋወቀው። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ የደረጃዎች ማኅበር ደረጃ አወጣለት። እስከዛሬም በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር ጭምር፣ አዘውትሮ የሚሠራበት ምርመራ ይኸው ነው።

ከቁጥሩ ወደ ብረቱና ሲሚንቶው

«ታዲያ 34 ሆነ 14፣ ለእኔ ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በሒሳብ እንየው። ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ወለል ያለው፣ በተለምዶ ጂ ፕላስ 4 የምንለው ሕንፃ አለ እንበል። ኮለኖቹ በአምስት በአምስት ሜትር ርቀት የቆሙ ናቸው። መሃል ላይ ያለው አንድ ኮለን በየወለሉ 25 ካሬ ሜትር ይሸከማል። ጣሪያውን ጨምሮ አምስት የተንጠለጠሉ ወለሎች ስላሉ በድምሩ 125 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር 1.2 ቶን ያህል ብንይዝ ያ አንድ ኮለን ወደ መሬት የሚያወርደው ሸክም 150 ቶን ነው።

አፈሩ በአንድ ካሬ ሜትር 30 ቶን መሸከም የሚችል ከሆነ ፉቲንጉ 5 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በየጎኑ ከ2 ሜትር ከ20 ጥቂት የሚያልፍ ይሆናል። አፈሩ የሚችለው 15 ቶን ብቻ ከሆነ ግን 10 ካሬ ሜትር፣ በየጎኑ 3 ሜትር ከ16 ገደማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ በ30 ቶን ተሰልቶ የተሠራ ፉቲንግ 15 ቶን የሚችል አፈር ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚከተል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። የተገላቢጦሹም ኪሳራ ነው። መርማሪው ፈርቶ ቁጥሩን ዝቅ ካደረገው ባለቤቱ ያለአግባብ ብረትና ኮንክሪት ይቀብራል። ጥሩ ምርመራ ገንዘብ የሚያስወጣ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሚያድንም ነው።

ሕንፃ የሚጎዳው እኩል ሲሰምጥ አይደለም። ሁሉም ኮለን እኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ማንም ላያውቀው ይችላል። አንዱ ወርዶ ጎረቤቱ ሲቀር ነው ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ በር የሚጣበቀው። ለዚህ ነው አንድ ጉድጓድ የማይበቃው። ሁለት ጉድጓድ በመሃላቸው ያለውን ብቻ ያሳያል፤ በአንድ መስመር ያልሆኑ ሦስት ጉድጓዶች ግን ጠንካራው ንጣፍ ወደ የት እንደሚያዘነብል ይናገራሉ።

ጥልቀቱም እንዲሁ ነው። የመሠረት ጫና ወደ ታች እየቀነሰ ቢሄድም የፉቲንጉን ስፋት እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ይሰማል። የላይኛው ንጣፍ ጠንካራ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ባለ 58 ፎቁ ሚሌኒየም ታወር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የሕንፃው ፓይሎች በታመቀ አሸዋ ውስጥ ቆሙ እንጂ አለቱ ድረስ አልወረዱም። ከአሸዋው በታች ያለው ሸክላ ቀስ በቀስ እየታመቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንፃው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመጡና ማዘንበሉ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን በሚሊዮን ዶላር መኖሪያ የገዙ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት ተሰለፉ። አለቱን የሚነኩ ተጨማሪ ፓይሎች ተተክለው የማጠናከሪያው ሥራ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይሏል እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተከታታይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙዎቻችንን ከአልጋ አስነስቶናል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውሮፓው ኮድ ጋር አስማምታ ያወጣችው የግንባታ ኮድ መሬትን በዓይነት ይመድባል። ከመመደቢያዎቹ አንዱ ይኸው ኤን ነው፤ ከ50 በላይ፣ ከ15 እስከ 50፣ ከ15 በታች። ላላ ያለ አፈር ንውጥውጡን ስለሚያጎላው ሕንፃው የሚታሰብለት የመንቀጥቀጥ ኃይልም ይጨምራል። ስለዚህ የሐሰት ኤን የፉቲንጉን ስፋት ብቻ አይደለም የሚያሳስተው፤ የኮለኑንና የብረቱን ስሌትም ጭምር ነው።

ጥቁሩ አፈር ሲዋሽ

አሁን ወደ እህቴ ግቢ እንመለስ። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለውን፣ መሐንዲሶቹ «ብላክ ኮተን» የሚሉትን ጥቁር አፈር የአዲስ አበባ ሰው በጫማው ያውቀዋል። በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በለቡ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አቅጣጫ በስፋት ይገኛል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፤ በክረምት ያብጥና ጫማ ይነጥቃል። ምክንያቱ ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። በቅጠል በቅጠል የተነባበረ ስለሆነ ውኃ ሲያገኝ በንብርብሩ መካከል ይውጠዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል።

ይህ አፈር የምቱን ቆጠራ ያታልላል። በሚያዝያ ደርቆ ሳለ ቢመታ እንደ ድንጋይ ይመልሳል። ያው አፈር፣ ያው ጥልቀት፣ በነሐሴ ቢመታ ግን ቱቦው በጥቂት ምት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ «ኤን = 34» የሚል ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። መቼ ተለካ? አፈሩ ምን ያህል እርጥበት ነበረው? የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያሻቸዋል። ከሁሉም በላይ የምት ቁጥር የሚነግረን አፈሩ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ እሱ ራሱ ተነስቶ ምን ያህል እንደሚገፋ አይነግረንም።

እሱን የሚነግረው ላቦራቶሪው ነው። ቀላሉ ሙከራ እንዲህ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር የደቀቀ ደረቅ አፈር በውኃ በተሞላ የመስፈሪያ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራል። አፈሩ ከረጋ በኋላ መጠኑ 20 ሚሊ ሊትር ከሆነ እጥፍ ሆኗል፣ እብጠቱ መቶ በመቶ ነው ይባላል። ከመቶ በመቶ በላይ የሚያብጥ አፈር በቀላል ሕንፃዎች ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ ይታወቃል። ከሃምሳ በመቶ በታች ሲሆን ግን ብዙም አያሰጋም።

«ቀላል ሕንፃ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ሁላችንም የምናስበው የአፈር ምርመራ ለፎቅ እንጂ ለአንድ ወለል ቤት አያስፈልግም ብለን ነው። እብጠት ያለበት አፈር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባለ አሥር ፎቁ በክብደቱ ተጭኖ ያስቀምጠዋል፤ መሠረቱም ጥልቅ ስለሆነ እርጥበት የሚለዋወጥበትን የላይኛውን ንጣፍ አልፎ ይሄዳል። አጥሩ፣ ሰርቪስ ቤቱ፣ ሊሾው፣ ባለ አንድ ፎቁ ቪላ ግን አፈሩን የሚጫንበት ክብደት የለውም። አፈሩ ወደ ላይ ሲያነሳው ይነሳል፤ ሲለቀው ይወድቃል። በየዓመቱ እንዲህ እየተነሳ እየወረደ ይሰነጠቃል። እናም ምርመራው ይቅርብን የሚሉት፣ ሊያስቀሩት የማይገባቸው ሰዎች ናቸው።

ሌሎች ሁለት ማታለያዎችም አሉ። አንደኛው ድንጋይ ነው። ቱቦው ሦስት ሜትር ላይ «እምቢ» ሲል አለት ተገኘ ይባላል። ነገር ግን ያገኘው በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የቀረ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ልባም ቆፋሪ እዚያ ላይ አያቆምም፤ በአለት መሰርሰሪያ ጥቂት ሜትር ዘልቆ አለት መሆኑን ያረጋግጣል፣ ያወጣውንም ድንጋይ በሣጥን ደርድሮ ያሳያል።

ሁለተኛው መዶሻው ራሱ ነው። መዶሻ ሁሉ አንድ አይደለም። በገመድና በሚሽከረከር ከበሮ የሚነሳው ዓይነት በፍትጊያ ብዙ ጉልበት ያባክናል። አውቶማቲኩ አብዛኛውን ጉልበት ለዘንጉ ያደርሳል። የቁጥሩ ማስተካከያ 60 በመቶ ጉልበትን መነሻ ያደርጋል። ከጉልበቱ 45 በመቶ ብቻ የሚያደርስ መዶሻ 20 ምት ቢቆጥር ትክክለኛው ቁጥር 15 ነው። አስተውሉ፤ ሰነፍ መዶሻ አፈሩን ጠንካራ ያስመስለዋል። ስለ መዶሻው ዓይነት አንድ ቃል የማይናገር ሪፖርት በስንት ኪሎ ሚዛን እንደተመዘነ የማይታወቅ ሥጋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። «አፈሩን እኔ አልፈጠርኩትም» የሚለው የተቋራጩ ንግግር በጆሮ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ሕጉ ግን ከስድሳ ዓመት በፊት መልስ ሰጥቶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕንፃው ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢሆንም እንኳ ተጠያቂ ነው። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም ፈራሽ ነው። ሕግ አውጪው አፈርን በስሙ ጠርቶ በተቋራጩ ትከሻ ላይ አስቀምጦታል። ተቋራጭ «አፈሩን አላውቅም» ማለት የማይችለው ለዚህ ነው፤ ማወቅ ግዴታው ነው።

ባለቤቱም አያመልጥም። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2077 ሕንፃ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያውቀው ባይችል እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። አጥሩ መንገደኛ ላይ ቢወድቅ «ተቋራጩ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። መጀመሪያ ይከፍላል፤ ከዚያ ጥፋተኛውን ይጠይቃል።

ነገር ግን ከሕግ መጽሐፍ እስከ ፍርድ አፈጻጸም ያለው መንገድ ረጅም ነው። የአሥር ዓመት ዋስትና የሚጠቅመው ዋሱ በአሥረኛው ዓመት ሲገኝ ነው። ፈቃዱን መልሶ፣ ቢሮውን ዘግቶ፣ ስልኩን ቀይሮ የጠፋ ተቋራጭ ላይ የተፈረደ ፍርድ በግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ዲፕሎማ አይለይም። በሌላ በኩል ባለቤቱ ራሱ ያቀረበው የአፈር ጥናት የሌላ ሰው ቦታ ሆኖ ሲገኝ የተቋራጩ ጠበቃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ጥፋቱ የከሳሽ ነው፣ ያሳሳተኝ እርሱ ነው» ይላል። ቁጥር 3039 ጠንካራ ድንጋጌ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም በንጹሕ እጅ ለመጣ ከሳሽና ሰነድ አስለውጦ ለመጣ ከሳሽ እኩል ይሠራል ብዬ ለእህቴ ቃል ልገባላት አልቻልኩም። የሐሰት ሰነድ መገልገል በወንጀልም እንደሚያስጠይቅ ደግሞ መዘንጋት የለበትም።

ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት

ቤት ሊሠሩ ያሰቡ አንባብያን የአፈር ጥናት ሲረከቡ እነዚህን ይጠይቁ። ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

1ኛ. ጉድጓዶቹ በእርስዎ ቦታ ላይ ነው የተቆፈሩት? በፕላኑ ላይ ተመልክተዋል? ማሽኑ በግቢዎ ቆሞ የተነሳ ፎቶግራፍ አለ? ከተቻለ በዕለቱ ተገኝተው ይዩ።

2ኛ. ስንት ጉድጓድ፣ ምን ያህል ጥልቀት? ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ያቆሙት አለት አግኝተው ነው ወይስ የተከፈለው ሜትር አልቆ?

3ኛ. የሦስቱም የ15 ሴንቲ ሜትር ቆጠራ ለየብቻው ተጽፏል? የመጨረሻው ኤን ብቻ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ጥሬ ማስረጃው የተደበቀበት ሠንጠረዥ ነው።

4ኛ. የመዶሻው ዓይነትና የተደረገው ማስተካከያ ተገልጿል?

5ኛ. ቀኑ ስንት ነው? በበጋ ነው በክረምት? የከርሰ ምድር ውኃው የት ላይ ተገኘ?

6ኛ. አፈሩ ጥቁር ከሆነ የእብጠት ምርመራ ተሠርቷል? ካልተሠራ ሪፖርቱ አላለቀም።

7ኛ. የመሠረቱን ስሌት የሠራው መሐንዲስ ሪፖርቱን አንብቦታል? ፉቲንጉ ሲቆፈርስ የጉድጓዱ ወለል ሪፖርቱ ካለው አፈር ጋር መመሳሰሉን አይቶ የሚፈርም ሰው አለ? ይህችን የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል። ከሁሉም ርካሿ ግን እርሷ ናት።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ ገበያውም ይስተካከላል። ዛሬ ባለቤቱ የሚፈልገው ማኅተም ከሆነ ገበያው ማኅተም ያቀርብለታል። ሐቀኛው መርማሪ ማሽን አጓጉዞ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ላቦራቶሪ ከፍሎ፣ ሽፋን ብቻ ከሚቀይረው ጋር በዋጋ እንዲወዳደር እየፈረድንበት ነው።

የተቀበረው እውቀት

ለከተማ አስተዳደሮችም አንድ ሐሳብ አለኝ። በእንግሊዝ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤቱ በአገሪቱ የተቆፈሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉድጓዶችን መዝገብ ሰብስቦ ይዟል፤ አብዛኛውንም ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ያየዋል። በአዲስ አበባ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስንት ሕንፃ ተሠራ? ለስንቱ ጉድጓድ ተቆፈረ? ያ ሁሉ የተከፈለበት እውቀት በየፈቃድ ፋይሉ ታጥፎ ከሚቀር እያንዳንዱ ሪፖርት ከነትክክለኛ ቦታው በአንድ ካርታ ላይ ቢሰፍር ምን ይጎዳል? አንድ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት የጎረቤቶቹን አፈር ያያል። ፈቃድ ሰጪውም አንድ ሪፖርት በሁለት ቦታ ስም ሲቀርብ ወዲያው ይይዘዋል። ይህ ካርታ የራስን ቦታ መመርመርን አይተካም፤ «አፈሩ አንድ ዓይነት ነው» የሚለውን ውሸት ግን ያጋልጣል።

የእህቴን ነገር ልቋጭ። ዘግይቶም ቢሆን ግቢዋ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርን። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ኤን 7 ሆነ። ላቦራቶሪው የአፈሩን እብጠት ከመቶ በመቶ በላይ አገኘው። አራት ሜትር ተኩል ላይ ቱቦው እምቢ አለ፤ ሦስት ሜትር ተሰርስሮ ሲታይም አለት ነው። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ እዚያ ቢደርስ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። መሐንዲሱ ለጊዜው የጣሪያው ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ፣ ግድግዳው አጠገብ የተተከለው ባሕር ዛፍም እንዲነሳ አዟል። የመሠረቱ ማጠናከሪያ የተገመተለት ዋጋ ግን ያን ጊዜ ለምርመራው ይከፈል ከነበረው ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ተቋራጩን በሽማግሌ ይዘነዋል፤ ቁጥር 3039ንም አንብቤለታለሁ። ከሰማሁት ዝምታ እንደተረዳሁት ድንጋጌውን ቀድሞም ያውቀዋል።

የእህቴ ባል በመጨረሻው ቀን ቆፋሪዎቹ ማሽናቸውን ሲጭኑ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው?» አለኝ። አዎ፣ ሁለት ቀን ነው የፈጀው።